አልጫው፣ መርዙና ቶክሲኑ

ሰው ሆዱን ሲያመው ሐኪም ዘንድ ከሄደ የሚጠየቀው «ምን በላህ?» ተብሎ ነው። ዘመድ ዘንድ ከሄደ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ «የት በላህ?» ይባላል። ቀጥሎ «ማን አቀረበልህ?»፣ ከዚያ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ከሴትዮዋ ጋር ድሮ ተጣልታችሁ አልነበር?» ይመጣል። ሐኪሙ ገና ቴርሞሜትሩን አራግፎ ሳይጨርስ ዘመድ ወንጀለኛውን ይዞ፣ መርምሮ፣ ፈርዶበታል። እኛ አገር ዝም ብሎ በሆድ ሕመም የሞተ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም አንድ ነገር አብልተውት ነው የሚሞተው።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ባዮሎጂ በማስተማር ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ነገር ሰው ጭንቅላት ውስጥ ማስገባት አቅቶኛል፤ የመርዝና የቶክሲን ልዩነት። እስቲ ለእናንተም ልሞክር። አላረዝመውም፤ ንግግር ማርዘም ምን እንደሚያስከትል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። መርዝ ማለት ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚጎዳ ነገር ሁሉ ነው፤ የአይጥ መርዝ በሉት፣ ዲዲቲ በሉት፣ መጠኑ ካለፈ የምንወደው ጨው እንኳ። ቶክሲን ግን ሕይወት ያለው ፍጡር በገዛ አካሉ የሚያዘጋጀው መርዝ ነው። እባቡም፣ ጊንጡም፣ የጉሎ ፍሬውም፣ ዓይን የማያያት ባክቴሪያም የየራሳቸው ጓዳ አላቸው። እንግዲህ ቶክሲን ሁሉ መርዝ ነው፤ መርዝ ሁሉ ግን ቶክሲን አይደለም። ይኸው ነው፣ አለቀ።

«ለሚታመመው ሰው ምን ለውጥ ያመጣለታል?» ትሉኝ ይሆናል። ተማሪዎቼም ይሉኝ ነበር። እኔም ብሆን ከፈተና ውጭ የሚረባ ነገር አይመስለኝም ነበር። በኋላ ግን የአንዲት ሴት ነፍስ በዚህች ልዩነት ላይ ተንጠልጥላ አየሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ውስጥ ነው። ቦሌ ስላችሁ የዛሬውን ፎቅና ካፌ እንዳታስቡ። በዋናው መንገድ ዳር የተወረሱ ቪላዎች ነበሩ፤ ከቪላዎቹ ጀርባ እኔን የመሰለ ደመወዝተኛ የሚኖርባቸው የጭቃ ቤቶች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ገርጂ ዘለቅ ሲሉ ጤፍ ይታጨዳል። ቀበሌያችን ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው ከቪላዎቹ በአንዱ ነበር። ሳሎኑ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ፣ ምግብ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ጋራዡ ደግሞ እስር ቤት። አብዮቱ ለመኪና የተሠራ ክፍል ለሰውም እንደሚበቃ ያረጋገጠልን ያኔ ነው።

ለጭቃ ቤቶቹ ነዋሪዎች የጋራ መጸዳጃ ቤት ተሠራና ይመረቅ ተባለ። አትሳቁ፤ በዚያ ዘመን ያልተመረቀ ነገር አገልግሎት አይሰጥም። ጉዳዩን የያዙት የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ በየነ ነበሩ። ጓድ በየነ ሁለት ነገር አጥብቀው ይወዳሉ፤ ንግግር ማድረግና ጠላት ማግኘት። ጠላት ቢያጡ እንኳ በንግግራቸው መሀል አንድ ሁለት ያበጁ ነበር። ለምርቃቱ በሬ ተገዛ፣ ቀኑም ረቡዕ እንዲሆን ተወሰነ።

ረቡዕን የመረጡት አስበውበት ነው። በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ውስጥ ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት መሆኑን የማይመሰክር አባል አልነበረም። የዚያኑ ያህል ረቡዕና ዓርብ ሥጋ የሚቀምስ አባል ከተገኘ ተአምር ነው። ጓድ በየነ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ በየሰዉ ፊት የፍስክ ሰሐን አስቀምጠው ማን ሳይንሳዊ፣ ማን አድሃሪ እንደሆነ በዓይናቸው ሊያዩ ፈለጉ። ፈተና ማውጣት ማለት ይሄ ነው፤ እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለፋ የኖርኩት በከንቱ ነው።

ወጥ የሠሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። በአካባቢያችን ያለ እሳቸው ሰርግም ተዝካርም አይደገስም። በርበሬ ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር አልጫ ይሁን ተባለ። እትዬ ጥሩወርቅ ሌሊት ተነስተው ሠሩና ገና ጠዋት ላይ አደረሱት። እዚህ ላይ ጓድ በየነ ታላቅ አብዮታዊ ጥንቃቄ ወሰዱ። ፀረ አብዮተኛ መርዝ እንዳይጨምርበት ብለው ድስቱን ከእሳት አስወርደው ግቢው መሀል፣ ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ አስቀመጡት። ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በግራና በቀኝ አቆሙበት። ንግግሩ ሳያልቅ ክዳኑን ማንም ንክች እንዳያደርግ ትእዛዝ ሰጡ። እትዬ ጥሩወርቅ «ልጄ፣ አልጫ እኮ እንዲህ አይቀመጥም፣ እሳት ላይ ልመልሰው» ብለው አንዱን ጠባቂ ቢለምኑት አፈሙዙን አዙሮ ወደ ሴቶቹ መደዳ መለሳቸው። ድስቱ በዚያ ፀሐይ፣ ለብ እንዳለ፣ እንደ መንግሥት ባለሥልጣን ታጅቦ ተቀመጠ።

ንግግሩ «ከመጸዳጃ ቤት እስከ ሶሻሊዝም» የሚል ርእስ ነበረው። አጭር መንገድ እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል። በዚያ ላይ አየር ማረፊያው ቅርብ ነው። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ጓድ በየነ ያቆማሉ፣ እስኪያርፍ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ «ከላይ እንደገለጽኩት» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ከጫፉ ይጀምራሉ። ያን ዕለት ደግሞ የዓለም አውሮፕላን ሁሉ ጉዞው ወደ አዲስ አበባ የሆነ ይመስል ነበር። እኛ የፊውዳሉን ሥርዓት ገና ሳንሻገር ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ኢምፔሪያሊዝም ዘንድ ስንደርስ ጥላችን ወደ ማዶ ዞረ። አልጫው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

በመጨረሻ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ምግቡ ቀረበ። ጓድ በየነ በሰዉ መሀል እየተዘዋወሩ ሰሐን ሰሐኑን ያያሉ። ጎረቤቴ አቶ መኩሪያ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸው፣ ጉርሻውን በእንጀራ ጠቅልለው እስከ ከንፈራቸው ያደርሱና ካድሬው ፊታቸውን ሲያዞሩ ሥጋውን መሀረባቸው ውስጥ ይከቱታል። ሌላው እንጀራ ሥር ይቀብራል፣ ሌላው ጫማው ሥር ይጥላል። እኔ በበኩሌ ጾም ከተውኩ ቆይቼ ነበር፤ በስንፍና እንጂ በሶሻሊዝም ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ርቦኝ ስለነበር እስክጠግብ በላሁ። ጓድ በየነም ለሰፊው ሕዝብ አርአያ ለመሆን ደጋግመው በሉ።

ቀሪውን መገመት አያቅታችሁም። ገና ጀምበር ሳትጠልቅ አዲሱ መጸዳጃ ቤት በሙሉ አቅሙ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ከተመረቁት ሥራዎች ሁሉ በተመረቀበት ዕለት ከታቀደለት በላይ ያመረተ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግድግዳውን ይዤ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጓድ በየነ ያለ ተራቸው ሲገቡ አየሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጓድ በየነ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ጉንጫቸው ጎድጉዶ ብቅ አሉ። ነገር ግን ደስ ብሏቸዋል። ለምን አትሉም? መርዘዋቸዋላ! አያችሁ፣ የተበላሸ ወጥ በልቶ የታመመ ሰው ሆዳም ይባላል። መርዝ በልቶ የታመመ ግን ጠላት የሚፈራው ታላቅ ሰው ነው። ጓድ በየነ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩት የመግደል ሙከራ መጣላቸው። «ፀረ አብዮተኞች በአልጫ ተከናንበው በሕይወታችን ላይ ተነሱ» ብለው ከቀበሌ በላይ ላለው፣ ከፍተኛ ለሚባለው አካል አስታወቁ። እትዬ ጥሩወርቅን ደግሞ ጋራዡ ውስጥ አስገቧቸው።

ይሄን ስሰማ ሆዴን ማመሙን ረሳሁት። በዚያ ዘመን ጋራዥ የገባ ሰው ወደ ከፍተኛው ይተላለፋል፤ ከከፍተኛው ወዴት እንደሚተላለፍ የሚጠይቅ ዘመድ ደግሞ አይበረክትም። እትዬ ጥሩወርቅ የሚያውቁት ፖለቲካ ቢኖር የሙዳ ሥጋ አቆራረጥ ነው። ልጆቼ ክርስትና ሲነሱ የደገሱልኝ እሳቸው ናቸው። ፈራሁላቸው።

የቀረበባቸው ማስረጃ ምን መሰላችሁ? አለመታመማቸው። ወሬው በአንድ ጊዜ ሰፈሩን አዳረሰው፤ ያልታመመ ሰው ይጠየቃል ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ ሥጋውን መሀረብ ውስጥ የከተተው ጾመኛ ሁሉ ደህና ነው። ጤነኛ መሆን ወንጀል ሆነበት። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጉድ ልንገራችሁ። ሰፈርተኛው ወገቡን ጎበጥ አድርጎ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ጀመረ። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የሚሰለፈው ሰው ከምርቃቱ ዕለት በልጦ ተገኘ። እውነተኛዎቹ በሽተኞች ተራ አጣን። አቶ መኩሪያ ቤቴ መጥተው በሩን ዘጉና «መምህር፣ ቁርጠቱ የሚጀምረው ከእምብርት በላይ ነው ከእምብርት በታች?» ብለው ጠየቁኝ። ላቡስ ፊት ላይ ነው የሚወጣው ወይስ መዳፍ ላይም አለ? እኔም አስተማርኳቸው። በመምህርነት ዘመኔ እንደሳቸው ያለ ጎበዝ ተማሪ አልገጠመኝም።

ስብሰባው የተጠራው በሳምንቱ ነው። ሳሎኑ ጢም ብሏል። እትዬ ጥሩወርቅን አምጥተው ፊት ለፊት አቆሟቸው፤ ነጠላቸው ላይ የጋራዥ ዘይት አለ። ከከፍተኛው የተላከ ወጣት ጓድ ማዕዘኑ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሥልጣኑ ከዕድሜው የሚበልጥ ዓይነት ልጅ ነው። ጓድ በየነ እሱን እያዩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የሳይንስ ሰው የሆኑት ጓድ መምህር መርዝ መሆኑን ያረጋግጡልናል» አሉ።

ተነሳሁ። ለእናንተ ያስረዳኋችሁን በሙሉ አስረዳሁ። በልተን የታመምነው ከአይጥ መርዝ ወይም ከሌላ ኬሚካል የተነሳ አይመስለኝም፤ ምልክቱ ሁሉ ቶክሲን ነው የሚለው፤ ቶክሲን ደግሞ ባክቴሪያ የምትሠራው ነው አልኩ። ጓድ በየነ በጥሞና አዳመጡኝና ቶክሲን ከመርዝ ዓይነቶች አንዱ ነው አይደለም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኩ። «እንግዲያው መርዝ ነው፣ ተረጋግጧል» ብለው ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዞሩ። ጨዋታው ከእጄ ሊያመልጥ ሆነ። ኧረ ይቆዩኝ፣ ይሄኛውን ሰው አይጨምረውም፣ ባክቴሪያዋ ራሷ ናት የምታዘጋጀው አልኳቸው። ባክቴሪያዋ የማን ናት ብለው አፋጠጡኝ። የማንም አይደለችም ስል አዳራሹ አጉረመረመ፤ በዚያ ዘመን የማንም ያልሆነ ነገር እጅግ አጠራጣሪ ነው። ማንም ካላሠማራት ታዲያ ምን አግኝታ በዛች አሉኝ። ለብ ያለ ሙቀትና ረጅም ጊዜ ካገኘች ይበቃታል አልኩ።

ይህን እንዳልኩ የአዳራሹ ሰው ሁሉ በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተ። ሙቀቱን ፀሐይ እንደሰጠች ሁሉም ያውቃል። ጊዜውን ማን እንደሰጠም ሁሉም ያውቃል። ጓድ በየነም ያወቁ መሰለኝ፣ ጆሯቸው ቀላ። እኔም ቀና ብዬ «የእርስዎ ንግግር ነው» የምል ጀግና ብሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወጋችሁ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ጓድ በየነ ነገሩን ወደ እትዬ ጥሩወርቅ መለሱት። ሕዝቡ ሁሉ በልቶ ሲታመም እርስዎ ብቻዎን ለምን ደህና ሆኑ አሏቸው። እትዬ ጥሩወርቅ በጥያቄው የተገረሙ መሰሉ። «ረቡዕ አልነበር እንዴ? እኔ የጾም ቀን ሥጋ ስሠራ መጣፈጡን በማሽተት ነው የማውቀው፣ አልቀምስም» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሳቸው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እውነት የተናገረ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ጓድ በየነ ድል ባደረገ ፊት ወደ ሕዝቡ ዞረው «ረቡዕ ዕለት ጾሜ ነው ብሎ ያልበላ ሌላ ሰው አለ? ካለ እጁን ያውጣ» አሉ።

አንድ እጅ ቢወጣ ነገሩ ያልቅ ነበር። ያልበላ ሁሉ ደህና ከሆነ ሴትዮዋ ደህና መሆናቸው ማስረጃ አይሆንማ! እኔ እንደሆንኩ በልቻለሁ፣ እጄ አይጠቅማቸውም። አቶ መኩሪያን አየኋቸው። ሆዳቸውን ያዙ፤ ያስተማርኳቸውን ከእምብርት በታች ሳይረሱ። ከጎናቸው ያሉትም ያዙ። የቀበሌው ጾመኛ በሙሉ አንድ ላይ አቃሰተ። እትዬ ጥሩወርቅ ዞር ብለው እያንዳንዱን ፊት አዩ፤ እነዚህን ሰዎች ለስንት ዘመን የጾም ወጥ ሠርተው እንዳበሏቸው እሳቸው ያውቃሉ።

በዚህ ጊዜ ማዕዘኑ ላይ የተቀመጠው ወጣት አፉን ከፈተ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ድስቱን ማን ነበር የሚጠብቀው አለ። ጓድ በየነ ደረታቸውን ነፍተው «እኔ ራሴ ነበርኩ ኃላፊው! ከጠዋት እስከ ምሳ ዝንብ አላሳለፍንም» አሉ። ሴትዮዋስ ወደ ድስቱ ተጠግተው ነበር ወይ? ኧረ በፍጹም፣ ሊጠጉ ሞክረው በመሣሪያ ነው የተመለሱት። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀና ቀስ ብሎ፣ እንዲያ ከሆነ መርዙ የገባው በእርስዎ ጥበቃ ሥር ነው ማለት ነው፤ ወይ ተኝተው ነበር፣ ወይ እያዩ አሳልፈዋል፤ የትኛውን ልመዝግብ አላቸው።

ጓድ በየነ አንዴ ወጣቱን፣ አንዴ የእትዬ ጥሩወርቅን ዘይት የነካው ነጠላ አዩ። ቀጥሎ የሆነውን ዓይኔ ባያይ አላምንም ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጓዶች፣ መርዝ ሌላ፣ ቶክሲን ሌላ!» ብለው ጀመሩ። እኔ ስንት ዓመት ለፍቼ ተማሪ ያልገባውን ትምህርት እሳቸው በዚያች ቅጽበት ገባቸው። ቶክሲን በሰው እጅ እንደማይገባ፣ ጠባቂ ቢቆምም እንደማይቆም፣ በተፈጥሮ ሕግ እንደሚመራ፣ ዲያሌክቲክሱን ሳይቀር አስረዱ። ይህን ባለመለየት አንዲት የሰፊው ሕዝብ ወገን የሆኑ እናትን መጠርጠር ከባድ የንቃት ጉድለት መሆኑንም አወገዙ። የማን ጉድለት እንደሆነ ግን አልተናገሩም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ ጥሩወርቅ በዚያኑ ሰዓት ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔም የሳይንስን ኃይል አደነቅሁ፤ እውነት የሚያሸንፈው ለራሱ የፈራ ሰው ሲያገኝ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ጓድ በየነ ግን አዲስ እውቀታቸውን ብቻቸውን ይዘው ሊቀመጡ አልቻሉም። ሰፊው ሕዝብ ስለ ቶክሲን ይንቃ ብለው ሌላ ስብሰባ ጠሩ፣ ምሳም አለው ተባለ። ለእትዬ ጥሩወርቅ ክብራቸው ይመለስ ዘንድ ወጡን የሚሠሩት እሳቸው እንዲሆኑ ተወሰነ። ክብር መሆኑን እሳቸው ባያውቁም ሠሩ። በርበሬ አሁንም ስለሌለ አልጫ ነው። ጠዋት ይዘው ሲመጡ ጓድ በየነ ድስቱን ለማስተማሪያነት እፈልገዋለሁ ብለው ከመድረኩ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጡት።

ትምህርቱ ግሩም ነበር። ክዳኑን በዘንግ እየመቱ፣ ምግብ ለብ እንዳለ ብዙ ከቆየ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚራባበት፣ ቶክሲኑ ከተሠራ በኋላ ቢያሞቁትም እንደማይጠፋ፣ አንድ ስህተት ሳይሠሩ አስረዱን። አውሮፕላን ሲመጣ ያቆማሉ፣ ሲያርፍ ከላይ እንደገለጽኩት ይላሉ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች፣ ጥላችን ወደ ማዶ ዞረ። ሕዝቡ ተናጋሪውን ትቶ ድስቱን ብቻ ያያል። እንዲህ ዓይነት ንቁ አድማጭ ጓድ በየነ አግኝተው አያውቁም።

በመጨረሻ «ምሳ ይቅረብ!» ተባለ። እትዬ ጥሩወርቅ ጭልፋ ይዘው ከፊት መደዳ ጀመሩ። አቶ መኩሪያ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉና ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እኔ ጾመኛ ነኝ!» አሉ። ወዲያው ከጎናቸው ያሉት «እኔም ጾመኛ ነኝ» አሉ። የውይይት ክበቡ ሊቀመንበር ጾመኛ ሆኑ። የአብዮት ጠባቂዎቹ ጾመኛ ሆኑ። እኔም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ጾመኛ ነኝ አልኩ። ጓድ በየነ ሳይቀሩ ዛሬ ሆዳቸውን ለማሳረፍ እንደወሰኑ ሹክ ሲሉ ሰምቻለሁ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ጭልፋቸውን እንደያዙ ቆመው ከዳር እስከ ዳር አዩን። «ይሄ ሁሉ ጾመኛ በተቀመጠበት ነው» አሉ፣ «እኔን ብቻዬን ጋራዥ ያሳደራችሁኝ?»